ፕሊንቲከስ ምንድን ነው?

ፕሊንቲከስ ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት ያለፉት የዴቪል ሬይ ወገን ነው። ዴቪል ሬይ ያ ጠፍጣፋው፣ ሰፊ ክንፉን እያርገበገበ ሲዋኝ የሚበር የሚመስለው፣ ከራሱ ላይ ደግሞ ቀንድ መሳይ ነገር የወጣለት ዓሣ ነው። ማንታ ሬይም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ለፕሊንቲከስ ስም ያወጣለት አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ኤድዋርድ ኮፕ ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1869 ነው። መነሻው ጥርስ ነበር።

ለምን ጥርስ? የእነዚህ ዓሦች አፅም እንደ ሻርክ ሁሉ ልም አጥንት ነው። ልም አጥንት ቶሎ ይበሰብሳል፤ ጥርስ ግን ይቆያል። ጥርሶቹ ብዙ ጊዜ ደቃቅ ስለሆኑ ተመራማሪዎች የድሮ ባሕር ደለል በወንፊት እያጠቡ፣ የቀረውን በማይክሮስኮፕ እያዩ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። በጣም ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው።

ጥርሱ ሲገኝ መጀመሪያ ገልበጥ አድርገው ሥሩን ያዩታል። በቦዮች ተከፋፍሎ የማበጠሪያ ጥርስ ከመሰለ፣ ባለቤቱ ከንስር ሬይና ከዘመዶቹ ወገን ነው። ዴቪል ሬይም እዚያው ውስጥ አለ። ቀጥሎ አናቱ ይታያል። ንስር ሬይ ዛጎል ሰባብሮ ስለሚበላ ጥርሱ ወፍራምና ጠፍጣፋ ነው፣ እርስ በርሱም ተገጣጥሞ ይቀመጣል። የፕሊንቲከስ ግን ወደ ጎን ሰፊ፣ ከፊት ወደ ኋላ ስስ፣ አናቱም ረዘም ብሎ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ይህን ጥርስ በማዮሲን ዘመን (ከዛሬ 23 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) ደለል ውስጥ፣ ለምሳሌ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ባለው የካልቨርት ገደል፣ ያገኙታል።

ከባዱ ነገር እዚህ ጋ ነው። በአንድ አፍ ውስጥ የመሀሉና የዳሩ ጥርስ አይመሳሰልም። በአንዳንድ ዛሬ ባሉ ዝርያዎች የወንዱና የሴቷ ጥርስ ይለያያል፣ ማንታ ደግሞ ጭራሽ የላይኛው መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ስለዚህ ሦስት ዓይነት የሚመስሉ ጥርሶች ከአንድ ዝርያ ሊሆኑ ይችላሉ! አንድ ጥርስ ብቻ ይዞ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ማለት ለእኔ ጥድፊያ ነው፤ መጀመሪያ ብዙ ጥርስ ሰብስቦ፣ ዛሬ ካሉት ዓሦች ሙሉ መንጋጋ ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት ያስፈልጋል። ተመራማሪዎቹ እነሲልቫን አድኔት እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት የጠፉትንና ያሉትን አንድ ላይ መርምረዋል። እንዲያም ሆኖ በርንሃሚያ የተባለው ከፕሊንቲከስ የቀደመ ወገን በእርግጥ ዴቪል ሬይ ነው ወይስ የቅርብ ዘመድ ብቻ የሚለው እስካሁን ያከራክራል።