ጥለት ማላመድ ሲባል ምንድን ነው?

ይህን የምጽፈው «ጥንታዊውን ሥዕል አዲስ ጨርቅ ላይ ማተም» የሚለውን ፍቺ ከሚገባው በላይ ስለ ሰማሁት ነው። ማተም ማተም ነው፤ ማላመድ ግን ሌላ ሥራ ነው።

በቻይና ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፣ ናንቶንግ ውስጥ የሚሠራውንና እ.ኤ.አ. በ2006 በአገሪቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረውን ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ጨርቅ እንመልከት። ባለሙያው ተደራርቦ የተጣበቀ ወረቀት በስለት ፈልፍሎ ዘይት ያጠጣዋል፤ ከዚያም ጨርቁ ላይ አንጥፎ በክፍተቶቹ በኩል ከአኩሪ አተር ዱቄትና ከኖራ የተቦካ ሊጥ ይቀባል። ሊጡ ሲደርቅ ጨርቁ ኢንዲጎ በተባለ ሰማያዊ ማቅለሚያ ውስጥ ደጋግሞ ይነከራል፤ በመጨረሻ ሊጡ ሲፋቅ ሥሩ የነበረው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ረጅም የአበባ ግንድ ሳይቋረጥ ቢፈለፈል ወረቀቱ ስለሚቀደድ፣ ግንዱ በተቆራረጡ ነጠብጣቦች ይሠራል።

አንድ አስተያየት ሰጪ እነዚህን ነጠብጣቦች «የመሣሪያ ጉድለት» ብሎ በኮምፒውተር ይለስልሱ ሲል መክሯል። መነሻቸው የመሣሪያው ውስንነት መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም የጥለቱ ሰዋስው የታነጸው በዚያው ውስንነት ላይ ነው።

ትርጉሙም እንዲሁ ነው። በቻይንኛ የሌሊት ወፍና መልካም ዕድል በአንድ ድምፅ «ፉ» ይባላሉ፤ ስለዚህ ጥለቱ እንደ ቅኔ ነው፤ ወፊቱ ሰም፣ ዕድሉ ወርቅ። መዘቅዘቅና መድረስም ድምፃቸው አንድ በመሆኑ፣ ተዘቅዝቃ የተሣለች የሌሊት ወፍ «ዕድል ደረሰ» ትላለች። ጨርቅ እንዲቆጠብ ምስሎቹን በየአቅጣጫው የሚበትን ነዳፊ (ልብስ ሰፊዎች ይህን አጥብቀው ይጠይቃሉ) ሳያውቀው ቅኔ እየዘረፈ ነው። ምሳሌውን ጥቂት ልግፋውና፣ አንጥረኛ ወርቁን የሚያፈስሰው ሰሙን አቅልጦ ነው፤ አላማጁም የወፊቱን ቅርጽ ሊለውጥ ይችላል፣ የድምፁ ጨዋታ የሚያውቀው ሰው ዘንድ እስካልጠፋ ድረስ።

እንግዲህ ማላመድ የአንዱን መሣሪያ ሕግ ተረድቶ ጥለቱን በሌላው መሣሪያ ሕግ እንደ ገና ማዋቀር ነው። በተለመደው የ64 ሴንቲ ሜትር ዙር የሕትመት ሲሊንደር፣ መጋጠሚያው ያልታሰበበት ጥለት በየ64 ሴንቲ ሜትሩ ስፌት የመሰለ መስመር ያወጣል። ኢንዲጎም በመታሸት ስለሚለቅ ለነጭ ሶፋ አይመከርም። በዣካርድ ሽመና (ጥለቱ ሳይታተም ከጨርቁ ጋር አብሮ በሚሸመንበት) ደግሞ ማጉ ከድሩ ጋር ሳይታሰር ረጅም ርቀት ከዘለለ በጥፍርና በቁልፍ እየተያዘ ይመዘዛል፤ የተቆራረጠው የናንቶንግ ግንድ ለዚህ ከጅምሩ የተመቸ ሲሆን፣ ኮምፒውተር ያለሰለሰውን ግንድ ግን ነዳፊው ተቀምጦ እንደ ገና መቆራረጥ ይኖርበታል።