በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች የቤተሰብ ገቢ አገማመት

ድሬዳዋ ሲነሳ ባቡሩና ቀፊራ ገበያ ቀድመው ይታወሳሉ። አስተዳደሩ ግን 38 የገጠር ቀበሌዎችም አሉት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ከ341,834 ነዋሪዎች 108 ሺህ ያህሉ በገጠር የሚኖሩ ነበሩ፤ አንድ የገጠር ቤተሰብ በአማካይ 4.9፣ የከተማው ደግሞ 4.2 ሰው ነበረው። በዋሂልና በቢዮ አዋሌ በኩል ማሽላ፣ በቆሎና ጫት ይመረታል። ጥንት የሐረርና የዘይላ ሲራራ ነጋዴዎች ያርፉባት በነበረችው ጀልዴሳና በአሰሊሶ ቆላ ደግሞ ኑሮው ይበልጥ በግመል፣ በፍየልና በከብት ላይ ይቆማል። የዚህን ታታሪ ሕዝብ ገቢ በአንድ አኃዝ መግለጽ ቀላል አይደለም።

ከ1980ዎቹ በፊት ስለ ቤተሰብ ገቢ ያለው መረጃ ጥቂት ነው፤ በ1974 ዓ.ም. የገጠር ቤተሰብ ጥናት ሲካሄድ አካባቢው ገና በሐረርጌ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር።

የተሟላው ዘመን የሚጀምረው የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን በ1988 ዓ.ም. ባካሄደው የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት ነው። ጥናቱ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተደግሟል። ስሙ ገቢን ቢያስቀድምም ባለሙያዎች ኑሮን የሚለኩት በአብዛኛው በፍጆታ ነው። ምክንያቱ አንድ የቢዮ አዋሌ ገበሬ ቤት ሲገባ ግልጽ ይሆናል። ጫቱ በዙርባ ታስሮ በየጊዜው ይሸጣል፤ ዋጋው እንደ ወቅቱና እንደ ዝናቡ ይለዋወጣል፤ የሂሳብ መዝገብ የለም። ሚስት ከወተትና ከማገዶ ሽያጭ የምታገኘው ገንዘብ በእጇ ይቆያል፤ ባል መጠኑን ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ አባወራውን «በዓመት ስንት ታገኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ገቢውን አሳንሶ ያስመዘግባል። ሰሞኑን በቤቱ የተበላውን ማሽላ፣ ከማሳ የመጣውንም ጭምር በገበያ ዋጋ ተምኖ መመዝገብ ይበልጥ ያስተማምናል። በእኔ ግምት ለድሬዳዋ ገጠር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

የታተሙት ሰንጠረዦች የሚሰጡት አማካይ ወጪንና በወጪ መደብ የተከፋፈሉ ቤተሰቦችን ነው። ጥቂት የመስኖ ባለቤቶችና የጫት ነጋዴዎች አማካዩን ወደ ላይ ስለሚጎትቱት፣ ከላይም ከታችም እኩል ቤተሰብ ያለበትን የመሃሉን ቤተሰብ ማግኘት ያስፈልጋል። ለዚህም ቤተሰቦቹ ከዝቅተኛው የወጪ መደብ ጀምሮ ይደመራሉ፤ ግማሹ የሚሞላበት መደብ ይለያል፤ በመደቡ ውስጥ ያለው ቦታም በስሌት ይገመታል።

ዓመታትን ማወዳደር ሌላ ሥራ ይጠይቃል። የአገሪቱ የድህነት ወለል፣ ማለትም ለመሠረታዊ ኑሮ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ወጪ፣ በ1988 ዓ.ም. ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,075 ብር ነበር፤ በ2003 ወደ 3,781፣ በ2008 ደግሞ ወደ 7,184 ብር ወጥቷል። በ20 ዓመት ከ6 እጥፍ በላይ ያደገው ብሩ እንጂ ኑሮው አይደለም። ስለዚህ የየዓመቱን ወጪ ወደ አንድ ዓመት ዋጋ ሳይመልሱ «ገቢ አደገ» ማለት አያስኬድም።

በጣም የሚያነጋግረው በ1997 እና በ2003 መካከል የታየው ለውጥ ነው። በይፋዊው ስሌት ከድህነት ወለል በታች ያለው የድሬዳዋ ገጠር ነዋሪ ከ39.8 በመቶ ወደ 14.2 በመቶ ወርዷል፤ በዚያው በ2003 ከተማው 34.9 በመቶ ላይ ነበር። ገጠሩ ከከተማው ተሽሎ መገኘቱ ብዙዎችን አስገርሟል። በእነዚያ ዓመታት የእህል ዋጋ እጅግ ንሯል፤ ይህ ሸማቹን ከተሜ ሲጎዳ ምርቱን ለገበያ የሚያቀርበውን ገበሬ ጠቅሟል። በ1997 የተጀመረው የምግብ ዋስትና የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ገጠር ቀበሌዎችን ደግፏል። የናሙናው ማነስ ልዩነቱን አግንኖት ይሆናል የሚል ክርክርም አለ፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው። በአቅራቢያዋ ያለችው ሐረሪ ገጠርም በዚያው ጥናት 10.5 በመቶ ብቻ ሆና ተመዝግባለች።

አንድን ቤተሰብ በዘመን ርቀት መከታተል ለሚፈልግ የተሻለው ምንጭ በምሥራቅ ሐረርጌ ያለችው አዴሌ ኬኬ ናት። መንደሯ በ1981 ዓ.ም. ተጠንታ፣ ከ1986 እስከ 2001 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ጥናት ከ15ቱ መንደሮች አንዷ ሆናለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ወደ እነዚያው ቤቶች ደጋግመው ተመልሰዋል። የስታቲስቲክስ ባለሥልጣኑ ጥናት በየዙሩ ሌሎች ቤቶችን ስለሚመርጥ የመሃሉ ቤተሰብ ከዓመት ዓመት አንድ አይደለም። በአዴሌ ኬኬ ግን ማሽላውን በጫት የተካው ገበሬና ያልተካው ጎረቤቱ ኑሯቸው ወዴት እንደሄደ ጎን ለጎን ይታያል።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ከዓለም ባንክ ጋር የሚካሄደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት አለ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የድሬዳዋ ናሙና ለብቻው ውጤት ለማውጣት አይበቃም ነበር፤ ከ2011ዱ ዙር ጀምሮ ግን ድሬዳዋ ራሷን ችላ ተወክላለች። በ2014 ዓ.ም. እነዚያው ቤተሰቦች እንደገና ስለተጎበኙ፣ ሁለቱ ዙሮች በአንድ ዓመት ዋጋ ተሰልተው ሊነጻጸሩ ይችላሉ።