የጥንድ የካርፕ ማጥመድ ውድድር፣ ከቆቃ ዳር ሲታይ

ለአዳማ ነዋሪ ካርፕ በመጀመሪያ የሚበላ ዓሣ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ ከሚገኘው ከቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በመረብ ይወጣል፤ በሥጋው ውስጥ የተሰገሰገው ቀጭንና ጫፉ መንታ የሆነ አጥንት ስለሚያስቸግር ግን አብዛኛው ተመጋቢ ቆሮሶን ያስቀድማል። ካርፕ የአገራችን ተወላጅ ዓሣ አይደለም፤ ከውጭ መጥቶ በግድቦችና በሐይቆች ተለቅቆ የተራባ ነው። በፖላንድና በቼክ የገና ዋዜማ ማዕድ ያለ እርሱ አይሟላም። በእንግሊዝ አጥማጆች ዘንድ ግን ተይዞ፣ ተመዝኖ፣ ከነሕይወቱ ወደ ውኃው የሚመለስ ዓሣ ሆኗል፤ የጥንድ ውድድርም ከዚህ ልማድ የወጣ ነው።

በጥንድ ውድድር ሁለት አጥማጆች እንደ አንድ ተወዳዳሪ ይቆጠራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከዓርብ እኩለ ቀን እስከ እሑድ እኩለ ቀን፣ ማለትም ለ48 ሰዓት ያህል፣ በተመደበላቸው የውኃ ዳርቻ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። አሸናፊው የሚለየው በዓሣው ብዛት ሳይሆን በክብደቱ ድምር ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ካርፕ ያወጣ ጥንድ አምስት ትንንሽ ያወጣውን ሊበልጥ ይችላል፤ ደንቡም ብዙ ጊዜ ከተወሰነ ክብደት በታች ያለውን ዓሣ ከቁጥር አያስገባም። በእንግሊዝ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት የማጥመጃ ዘንግ መዘርጋት የሚችለው እንደያዘው የፈቃድ ዓይነት ነው።

ቦታ የሚደለደለው በዕጣ ሲሆን፣ የውድድሩ ግማሽ የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካርፕ በውኃው ውስጥ እኩል ተበትኖ አይኖርም፤ ሞቃት ነፋስ ውኃውንና ምግቡን ወደሚገፋበት ዳርቻ ይሰበሰባል፣ ሰውና ጫጫታ ሲበዛበት ደግሞ ይሸሻል። ነፋሱ ከሚነፍስበት ወገን ያለ ቦታ የደረሰው ጥንድ የቱን ያህል ቢደክም፣ ከማዶው የሚዘሉትን ዓሦች እያየ ቅዳሜን ሊያሳልፍ ይችላል። ልምድ ያለው ሰው በዚህ አይማረርም ለማለት ግን ያስቸግራል።

ዕጣው ከወጣ በኋላ የሁለቱ ሰዎች ሥራ ይከፈላል። አንደኛው መንጠቆ የሌለው የእርሳስ ብረት በክር አስሮ ይወረውርና በቀስታ ይጎትታል፤ ጣቱን በክሩ ላይ አሳርፎ ወለሉን በስሜት ያነባል። ጠጠር ከሆነ ክሩ ይንቀጠቀጣል፣ ደለል ከሆነ እርሳሱ ይከብድና ይለሰልሳል፣ አረም ከሆነ ጨርሶ ይያዛል። በደለል መካከል የተገኘች ትንሽ የጠጠር ገበታ ብዙ ጊዜ ካርፕ ምግቡን ሲለቃቅም ያጠራት ቦታ ናት። ሌላኛው በበኩሉ በ12 ጫማ ርቀት፣ ማለትም በ3.66 ሜትር፣ ሁለት ችካል ይተክልና ክሩን በእነርሱ ላይ እየጠመጠመ ይቆጥራል፤ ክሩ ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው 20 ጊዜ ከሄደ 73 ሜትር ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ከተመዘገበ በኋላ ከሁለቱ ማንኛቸውም በጨለማ ቢነሱ እርሳሱን ያችው ገበታ ላይ መልሰው ማሳረፍ ይችላሉ። ጥንድ መሆን ከብቻ ማጥመድ የሚሻለውም እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ሲተኛ የሌላው እጅ ያንኑ ሥራ ይቀጥላል።

ካርፕ ምግብን ወደ አፉ ስቦ፣ ካልጣመው መልሶ የሚተፋ ጥንቁቅ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በእንግሊዝ የተስፋፋው አሠራር ይህንን ጠባይ መልሶ ለማጥመጃነት አዋለው፦ ምግቡ መንጠቆው ላይ ሳይሆን ከመንጠቆው በተንጠለጠለ አጭር ቀጭን ክር ላይ ይታሰራል፣ ዓሣው ሊተፋው ሲል ባዶው መንጠቆ ከታችኛው ከንፈሩ ይሰካል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1952 እንግሊዛዊው አጥማጅ ሪቻርድ ዎከር ሬድማየር ከተባለው ኩሬ 44 ፓውንድ፣ ማለትም 20 ኪሎ ያህል፣ የሚመዝን ካርፕ ማውጣቱ ትልቅ ካርፕ በመንጠቆ አይያዝም የሚለውን እምነት ሰብሮት ነበር።

ዓሣውን ለመሳብ ውኃው ውስጥ ምግብ መበተን ሌላው አከራካሪ ነገር ነው። የተጣለ ምግብ ተመልሶ አይወጣም፤ በዓርብ ከሰዓት በስግብግብነት የተበተነ ባልዲ ሙሉ በቆሎ ዓሣውን አጥግቦ ቅዳሜን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። የሁለት ጓደኛሞች ጠብ የሚጀመረውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ባልዲ ነው።

ዓሣ ክሩን ሲስብ የሚያስታውቀው ደወል ሌሊት ሲጮኽ አንዱ ዘንጉን ያነሣል፣ ሁለተኛው መረቡን ይዞ ውኃ ውስጥ ይገባል። ዓሣው ቀድሞ በረጠበ ወፍራም ፍራሽ ላይ ይጋደማል፤ መንጠቆው ይነቀላል፤ ከዚያም በእርጥብ ከረጢት ተደርጎ ዳኛው ባለበት ይመዘናል። ሚዛኑ አስቀድሞ ከረጢቱ ብቻ ተሰቅሎበት ዜሮ ላይ ካልተስተካከለ የእርጥቡ ከረጢት ክብደት ከዓሣው ጋር ይደመራል፤ ስለዚህ የተፎካካሪ ዓይን ከዓሣው ይልቅ በመርፌው ላይ ይተከላል።

እንዲህ ያለውን ውድድር ወደ ቆቃ ለማምጣት የሚያስብ ሰው ውኃውን ራሱን ማየት ይኖርበታል። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ አዋሽ ከላይ የሚያመጣው ደለል ሐይቁን አደፍርሶና ጠጠሩን ሸፍኖት ይገኛል፤ በክር ወለሉን የማንበቡ ጥበብ እዚህ ብዙ ላይረዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአካባቢው የታየው እምቦጭም ከዘንግ እስከ መረብ ያለውን ሁሉ ያጠላልፋል። ከሁሉ በላይ ግን በሐይቁ ጉማሬና አዞ አሉ። በእንግሊዝ ኩሬ ዳር ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው የሚፈራው ብርድን ነው፤ በቆቃ ዳር ሌሊት መረብ ይዞ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ መግባት ግን ደንብ አውጪው አስቀድሞ የሚከለክለው ነገር ይሆናል። እዚህ ከሆነ ውድድሩ የቀን ብቻ መሆን አለበት፤ ሁለቱ ጓደኛሞችም ቅዳሜ ማታ ሲመሽ ዘንጋቸውን ሰብስበው አዳማ ገብተው ማደር ግድ ይላቸዋል።