ሂተሩ ተሰክቶ አድሮ መኪናው ለምን አልነሳም? ስለ ናፍጣ ሞተር ማሞቂያ የሚባለውና እውነታው

ይሄ ኤድመንተን፣ ካልጋሪ፣ ሚኒያፖሊስና እነሱን በመሰሉ ብርዳም ከተሞች የቆየ የናፍጣ መኪና ለምትነዱ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 25 እና 30 ዲግሪ ሲገባ ያው ክርክር ይጀመራል። አንዱ ሂተሩ (የሞተር ማሞቂያው) ተቃጥሏል ይላል፣ ሌላው ባትሪው ነው ይላል፣ ሦስተኛው ናፍጣው ነው ይላል። ከዚያ በግምት ዕቃ ይገዛል፣ ለጋራዥ ይከፈላል፣ በማግስቱም መኪናው አይነሳም። የትኛው ዕቃ ምኑን እንደሚያሞቅ ካወቃችሁ ግን አብዛኛውን ችግር ራሳችሁ ትለዩታላችሁ።

«ሂተርና ግሎው ፕላግ አንድ ናቸው»

አይደሉም። ብሎክ ሂተር ከግድግዳ ሶኬት በሚመጣ ኮረንቲ በሞተሩ ውስጥ ያለውን ኩላንት፣ ማለትም የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ያሞቃል። ከመኪናው ፊት ተንጠልጥሎ የሚታየው ስፒና የእሱ ነው። ግሎው ፕላግ ግን ቁልፉን ስታዞሩ ከመኪናው ባትሪ ወስዶ ናፍጣው የሚቃጠልበትን ክፍል ለጥቂት ሰከንዶች ያግላል። አዲስ አበባ ናፍጣ የነዳ ሰው ይሄኛውን ያውቀዋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የተጠማዘዘ ሽቦ የምትመስል ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ጠብቆ ነው የሚያስነሳው። ታዲያ በቆዩ መኪኖች መብራቷ መጥፋቷ ሁሉም ግሎው ፕላጎች ይሠራሉ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የምትነግራችሁ የማሞቂያው ሰዓት ማለቁን ብቻ ነው። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠና ነጭ ጭስ እየተፋ በስንት መከራ የሚነሳ ከሆነ፣ ሂተሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ግሎው ፕላጎቹን አስለኩ።

«መኪናው ካልሞቀ ሂተሩ ተቃጥሏል»

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ሂተሩ በእርግጥ ይቃጠላል፤ ግን ከእሱ በፊት ገመዱና ስፒናው ናቸው የሚበላሹት፣ ምክንያቱም ጨውና በረዶ የሚያገኛቸው እነሱን ነው። ስለዚህ ከግድግዳው ጀምሩ። ሶኬቱ ላይ መብራት ሰክታችሁ ይበራ እንደሆነ እዩ። የአንዳንድ አፓርታማና መሥሪያ ቤት ፓርኪንግ ሶኬቶች ኮረንቲ የሚሰጡት በፈረቃ ነው፤ ስትፈትሹ ባዶ ሆኖ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ሶኬቱ ደህና ከሆነ መኪናውን ሰክታችሁ ኮፈኑን ክፈቱና ጆሮ ስጡ። ብዙ ሂተሮች ትንሽ ቆይተው ሊፈላ እንደተቃረበ ጀበና ሲር ሲር ይላሉ። ድምፅ ከሌለ መልቲሜትር (የኮረንቲ መለኪያ) አምጡ። መጀመሪያ ስፒናውን ከግድግዳ ንቀሉ፣ መለኪያውን ኦም ላይ አድርጉና ሁለቱን ጠፍጣፋ እግሮች ለኩ። በ120 ቮልት የሚሠራ 400 ዋት ሂተር 36 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፤ 1000 ዋት ከሆነ 14 ኦም ገደማ። ምንም ካላሳየ የሆነ ቦታ ተበጥሷል። ያኔ ገመዱን ከሂተሩ አላቅቃችሁ ሂተሩን ለብቻው ለኩት። ሂተሩ ትክክለኛውን ቁጥር ከሰጠ የምትገዙት ገመድ ብቻ ነው፣ ገመድ ደግሞ ርካሽ ነው።

አንድ ልኬት አትዝለሉ፦ ክቡን የመሬት እግር ከሁለቱ ጠፍጣፋ እግሮች ጋር በየተራ ለኩ። ምንም ግንኙነት መታየት የለበትም። ከታየ ኮረንቲ ወደ መኪናው አካል እየፈሰሰ ነውና ሁለተኛ እንዳትሰኩት። ሶኬቱ ቶሎ ቶሎ እየጠፋ ሲያስቸግር የመሬቱን እግር ቆርጠው የሚጥሉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ፤ ሶኬቱ የሚጠፋው ሰው እንዳይያዝ ነው።

ኤክስቴንሽንም ቢሆን ለውጭ የተሠራ፣ ወፍራምና ባለ ሦስት እግር ይሁን። የቤት ውስጡ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ይቀልጣል።

«ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ቢያድር ይሻላል»

ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ሞተሩ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የሚጨምረው የመብራት ሒሳብ ነው። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል ማሞቅ ይበቃል። ታይመር ግዙ። ጠዋት 1 ሰዓት የምትወጡ ከሆነ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንዲበራ አድርጉት።

«ሂተር ካለ ናፍጣው አይረጋም»

ሂተሩ ታንከሩንም፣ የናፍጣ መስመሩንም፣ ፊልትሮውንም አያሞቅም። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ። ብርድ ሲበዛ ሰሙ ይረጋና ፊልትሮውን ይዘጋል። ሞተሩ ሞቆ፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ደህና እየዞረ መኪናው ካልተነሳ፣ ወይም ተነስቶ ትንሽ ሄዶ ከጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው። በተለይ መስከረም ላይ የተሞላ ታንከር እስከ ታኅሣሥ ከቆየ፣ ወይም ከሞቃት አገር ሞልታችሁ ከመጣችሁ። የክረምት ናፍጣ እዚያው ብርዱ ያለበት ከተማ ቅዱ፣ ፊልትሮውን ክረምት ሳይገባ ቀይሩ። ናፍጣው እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽም የሚሠራው ከመርጋቱ በፊት ነው። ቤንዚን መቀላቀል ግን የድሮ ልማድ ነው፤ ለእሳት ያጋልጣል፣ ፓምፑንም ይጎዳል።

«ራዲያተሩ ቢጎድል ውሃ ይበቃል» ወይም «ንጹህ አንቲፍሪዝ ይሻላል»

ሁለቱም ስህተት ነው። ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፣ ሞተር ይሰነጥቃል። ውሃ ያልተቀላቀለበት አንቲፍሪዝ (ኩላንቱ እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ) ደግሞ፣ ብዙ ሰው አያምነውም እንጂ፣ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ አካባቢ ላይ መርጋት ይጀምራል። ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀል ግን እስከ 37 ከዜሮ በታች ይቋቋማል። ኩላንት ካስቀየራችሁ በኋላ አየሩ በደንብ ሳይወጣ ሂተሩን አትሰኩ። ፈሳሽ ያልነካው ሂተር ወዲያው ይቃጠላል።

«ካልነሳ ግፋው፣ ወይም ኤተር ንፋበት»

አገር ቤት መግፋት ይሠራል። እዚህ አውቶማቲክ ማርሽ ከሆነ አይነሳም፤ ማኑዋል ቢሆንም የረጋ ናፍጣን መግፋት አያቀልጠውም፣ መንገዱም በረዶ ነው። ኤተር፣ ሞተር ለማስነሳት የሚነፋው ተቀጣጣይ ስፕሬይ፣ የባሰ ነው፤ የጋለ ግሎው ፕላግ ሲያገኝ ከጊዜው ቀድሞ ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ይልቅ ባትሪውን አስለኩ። ከዜሮ በታች 18 ላይ ባትሪ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ለመዞር ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። የሞተር ዘይቱም 15ደብልዩ-40 የሚባለው ዓይነት ከሆነ በብርድ ይወፍራል፤ የመኪናው መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ በብርድ ቀጠን ወደሚሉት 5ደብልዩ-40 ወይም 0ደብልዩ-40 ቀይሩት። ለዛሬ ጠዋት ግን ባትሪውን ፈታችሁ ቤት አስገቡና ቻርጅ አድርጉት፣ ሂተሩን ሰክታችሁ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ግሎው ፕላጉን ሁለት ጊዜ አግላችሁ ሞክሩ።