ድንኳን ቤት አይደለም፦ ከቤተሰብ ጋር ውጭ ለማደር ስንነሳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐይቅ ዳር ውሎ መመለስ ለደሴ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ምሳ ይቋጠራል፣ ልጆች ይጫናሉ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፣ ማታ ሁሉም ቤቱ ነው። «ለምን ድንኳን ገዝተን እዚያው አናድርም?» የሚል ሐሳብ ሲነሳ ግን ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ከሻጩ፣ ከጎረቤት፣ ከቲክቶክ። ግማሹ ልክ አይደለም። ጥቂቱ ደግሞ ነፍስ የሚያጠፋ ነው።

ድንኳን የሚችለው ጥቂት ነገር ነው። ንፋስ ይከልላል፣ ዝናብ ይመልሳል፣ ትንኝ ያስቀራል። በቃ። እንደ ቤት አያሞቅም፣ እንደ ግድግዳም አይጠብቅም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

«ባለ 4 ሰው ድንኳን ለአራት ሰው ይበቃል»

ሻጩ «አብሽር፣ አራታችሁንም ይይዛል» ይላችኋል። አልዋሸም፣ ይይዛል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን የሚናገረው ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጋጥሞ ሲተኛ የሚገባውን ነው። ለአንድ ሰው የሚታሰበው ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሻንጣው፣ ጫማው፣ ዳይፐሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሰዓት ዘንግ የሚዞረው ልጅ አልተቆጠሩም።

ብዙዎቹ ባለ 4 ሰው ድንኳኖች ወለላቸው 2.10 በ2.40 ሜትር አካባቢ ነው። ሁለት ባለ ሜትር ከሃያ ፍራሽ ጎን ለጎን ብታነጥፉበት ሞላ ማለት ነው። ሻንጣ የምታስቀምጡበት ቦታ የለም። ግድግዳውም ወደ ውስጥ ያዘነበለ ስለሆነ ዳር የተኛው ሰው ፊቱ ሸራውን ይነካል። ስለዚህ ከቤተሰቡ ቁጥር በላይ አንድ ወይም ሁለት ጨምሩ። ለአራት ሰው ባለ 6 ቢሆን ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት የድንኳኑን የወለል ልክ ጠይቁና ሳሎን ውስጥ በሜትር ለክታችሁ ሁላችሁም ተኙበት። ከሻጩ ክርክር ይልቅ ይህ ቶሎ ያሳምናል።

በዚያው ልክ «ትልቅ ከሆነ ይሻላል» ብላችሁ ባለ 10 ሰው አትግዙ። ከባድ ነው፣ ንፋስ ይይዛል፣ ሰፊ ደልዳላ ቦታ ይፈልጋል። በወሎ ተራራ ላይ ደግሞ ደልዳላ ቦታ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።

«የእድሩ ድንኳን እያለ ለምን ገንዘብ እናወጣለን?»

የእድር ድንኳን ለለቅሶና ለሠርግ ወደር የለውም። ግን ወለል የለውም፣ መረብ የለውም፣ ዚፕ የለውም። በሥሩ ንፋሱም ነፍሳቱም ይገባል። ለመትከልም የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ይጠይቃል። ለቀን ጥላ ከሆነ ይሁን።

«እኛ የደሴ ሰዎች ነን፣ ብርድ ለምደናል»

የለመድነው ግድግዳና ጣሪያ ያለውን ብርድ ነው። ውጭ ሲታደር ሌላ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በአማካይ 1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መድረስ ብቻ ወደ 4 ዲግሪ ልዩነት አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይሁን። ሐይቅ ዳር ወይም ኮምቦልቻ በኩል። ጦሳ ተራራ ላይ ሆኖ የከተማውን መብራት ማየት ያምራል፣ አልክድም። ከሦስት ዓመት ልጅ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታደርበት ቦታ ግን አይደለም። ጦሳ ይቆይ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይላል። ደመና ከሌለ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ቀን በቲሸርት ተውሎ ንጋት ላይ ውርጭ ሊጥል ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብርድ የሚመጣው ከላይ ይመስለናል። ጋቢ ላይ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ እንደራርባለን። ከሥር ግን ስስ ምንጣፍ ናት። ከሰውነታችን ሥር ያለው ልብስ በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ ሙቀት የሚይዝ አየር አይቀርበትም። ምድሪቱም ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችንን ትስባለች። ውድ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) የገዛ ሰው እንኳ ከሥሩ ምንም ካላነጠፈ ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ከላይ ለሚለበሰው ሳይሆን ከሥር ለሚነጠፈው አውጡት። ወፍራም ስፖንጅ ጥሩ ነው። በአየር የሚነፋው ፍራሽ ምቹ ይመስላል፣ ግን ውስጡ ያለው አየር ስለሚዘዋወር ከሥር ይቀዘቅዛል። እሱን ካነጠፋችሁ ላዩ ላይ ባና ወይም አጎዛ ጣሉበት። ባና ያለው ቤት፣ በነገራችን ላይ፣ ግማሹን ዝግጅት ጨርሷል።

ልጆች ሲሯሯጡ ያላባቸውን ልብስ ለብሰው አይተኙ። ደረቅ ካልሲ፣ ደረቅ ልብስ፣ ኮፍያ ይበቃል።

«ከሰሉ ከጋመ፣ ጢሱ ከጠፋ አይጎዳም»

ይህን በጥሞና አንብቡልኝ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ።

ጢሱ ያለቀለት፣ ቀልቶ የጋመ ከሰል ሰላማዊ ይመስላል። ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ቡና አፍልተንበታል። ገዳዩ ግን ጢሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስነጥስም። ከሰሉ ፍም ሆኖም ይወጣል። አመድ ለብሶ ሲዳፈን፣ «ጠፍቷል» ስንል፣ አየር ስለሚያጥረው እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ዕጣን ብታጨሱበት፣ ጨው ብትበትኑበት ለውጥ የለውም። የማይሸት ነገር በሌላ ሽታ አይሸነፍም።

«ዚፑን ትንሽ ከፍተን ብንተወውስ?» የሚል ጥያቄ አለ። አይሆንም። ድንኳን ከሳሎን እጅግ ያነሰ ቦታ ነው፣ ጋዙም ቶሎ ይሞላዋል። በዚያ ላይ ሰው ይተኛል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ነው። የተኛ ሰው ይህን አይሰማም። ልጅ ደግሞ ቢሰማውም «እንቅልፌ መጣ» ነው የሚለው። ቡታጋዝም ሆነ ትንሿ የጋዝ ምድጃም እንዲሁ ናቸው። ድንኳን ውስጥ ምንም ነገር አይነድም። የድንኳኑ ጨርቅ ራሱ ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው፣ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል።

ቡናው ደጅ ይፈላ። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም እዚያው ደጅ ይጠጣ። ሲያልቅ ፍሙ ላይ ውሃ ይፍሰስበት። መተኛ ለማሞቅ ከተፈለገ ሙቅ ውሃ በማያፈስ ዕቃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አድርጉት። ስስ የሃይላንድ ፕላስቲክ ግን አይሁን፣ በሙቅ ውሃ ይጨማደዳል። ሌሊት አንድ ሰው ራሱን ካመመውና ከሰል አጠገብ ከነበረ፣ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ነው።

«ጠዋት ውስጡ ረጥቦ ካገኘነው ድንኳኑ ያፈሳል»

ሻጩ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት አስቡ። ዝናብ ሳይዘንብ የረጠበ ድንኳን አላፈሰሰም። ውሃው የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። አራት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ እንፋሎቱ ከቀዝቃዛው ሸራ ጋር ሲገናኝ ወደ ጠብታ ይቀየራል። ሐይቅ ዳር ሲሆን የውሃው እርጥበት ይጨመርበታል። ብርድ ፈርቶ ሁሉን ቀዳዳ የዘጋ ሰው ነው በብዛት ረጥቦ የሚነሳው። የላይኛው የአየር መውጫ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይሁን።

ስትገዙ ባለ ሁለት ንብርብር ፈልጉ። ውስጡ መረብ ያለው፣ ላዩ ላይ ለብቻው የሚለበስ የዝናብ ሸራ ያለው። ጠብታው በላይኛው ሸራ ላይ ይቀራል እንጂ እናንተ ላይ አይወርድም። ውሃ የመቋቋም አቅሙ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። 1,500 ለቀላል ዝናብ፣ 3,000 ደግሞ ለጠንካራው ይሆናል። ለወለሉ ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ጉልበታችን ውሃውን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ከወለሉ ሥር ፕላስቲክ ካነጠፋችሁ ጠርዙ ከድንኳኑ አይውጣ። ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ከሥራችሁ ያጠራቅመዋል።

«በጋ ነው፣ የዝናቡን ሸራ ቤት እንተወው»

ይህን የሚል ሰው በልግን ረስቷል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የወሎ ደጋ ዝናብ ያገኛል፣ ገበሬውም ይዘራበታል። ሸራውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ንፋስም ይከላከላል።

ከዝናቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ደረቅ ወንዝ ውስጥ መትከል ነው። አሸዋው ለስላሳ፣ ደልዳላ፣ ለልጅ መጫወቻ የሚመች ነው። ግን የቦርከና ወንዝ ከደሴ በኩል ወርዶ ነው ኮምቦልቻን የሚያልፈው። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይኛው አገር ሊዘንብ ይችላል። ደራሽ ውሃ ሰዓት አይሰጥም። ከወንዙም ከቦዩም ራቅ፣ ከፍ በሉ።

«እሳት ከነደደ ጅብ አይቀርብም»

እሳቱ እኩለ ሌሊት ላይ ይጠፋል። ጅቡን የሚጠራው ሥጋ፣ አጥንትና ቆሻሻ ነው። ድንኳን አጠገብ በግ አይታረድ። የተረፈው ምግብ መኪና ውስጥ ይቆለፍ፣ ቆሻሻው በላስቲክ ታስሮ ይራቅ። ድንኳን ውስጥ ቆሎ እንኳ አይግባ፣ ጉንዳንና አይጥም አሉ። ሌሊት ልጅ ብቻውን ለሽንት አይወጣም። «ሞቀኝ» ብሎ ደጅ ላይ አንጥፎ መተኛትም ይቅር።

ወባን በሚመለከትም ደጋ የለመድን ሰዎች እንዘናጋለን። ከ2,000 ሜትር በታች የወባ አገር ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ናት፣ ሐይቅም እዚያው ጠርዝ ላይ ናት። መሸት ሲል ልጆች እጀ ረጅም ይልበሱ፣ የድንኳኑ መረብ ይዘጋ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» አትበሉ፣ ተመርመሩ።

«እዚያ ስንደርስ እንተክለዋለን»

ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ ትከሉት። ዘንግ የጎደለው፣ ዚፑ የተሰበረው እዚያ ይታወቃል፣ መመለስም ይቻላል። ካስማው ከድንኳኑ በተቃራኒ ዘንበል ብሎ፣ ወደ 45 ዲግሪ ይመታ፤ ቀጥ ብሎ የተመታ በንፋስ ይነቀላል። ከድንኳኑ ጋር የሚመጡት ስስ ካስማዎች በድንጋያማ መሬት ይጣመማሉ፣ ጠንከር ያሉ ብረቶች በትርፍነት ያዙ። በእኛ አገር 12 ሰዓት ሲሆን ይመሻል፣ ስለዚህ 9 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ ሁኑ። ትልቅ ዛፍ ሥር አትትከሉ፣ ቅርንጫፍ ይወድቃል፣ መብረቅም አለ።

የት እንደምትተክሉም ከመሄዳችሁ በፊት ይወሰን። ባዶ የመሰለ መሬት ሁሉ ባለቤት አለው። የጎፍ ደንም ቢሆን ጥበቃ ያለው ደን ነው። የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ጠይቁ፣ ለቀበሌው አሳውቁ፣ የሰፈሩን ሽማግሌ ሰላም በሉ። ለመጀመሪያው ሌሊት እኔ የምመክረው አጥር፣ ሽንት ቤትና ዘበኛ ያለው የመዝናኛ ግቢ ነው። አስፈቅዶ ጥግ ላይ መትከል። «ይህማ ካምፒንግ አይባልም» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልጅ ሲያለቅስ እሱ የለም።

ስትመለሱ ድንኳኑን እርጥብ ሳለ ጠቅልላችሁ ቁም ሣጥን ላይ አትስቀሉት። በጥቂት ቀን ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። በኦሞም አይታጠብ፣ በማሽንም አይግባ፣ ውሃ የሚከለክለው ቅብ ይላጣል። በእርጥብ ስፖንጅ ጠርጋችሁ ጥላ ላይ ዘርጉት። ደሴ ጭጋግ ከሆነች ሳሎን ውስጥ ወንበሮች ላይ ጣል አድርጉት፣ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ።