የብልት ፈሳሽ ምንድን ነው? ጤናማው ከበሽታው የሚለየውስ በምን ነው?

የብልት ፈሳሽ በአብዛኛው ከማህፀን አፍ የሚመነጭ ንፍጥ መሰል እርጥበት ነው፤ ከብልት ግድግዳ የሚረግፉ ሴሎችና እዚያው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይቀላቀሉበታል። በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ይወጣታል፤ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ቆሻሻ አይደለም። ላክቶባሲለስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ እየሠሩ የብልቱን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3.8 እስከ 4.5 ያቆዩታል፤ ብዙ ጎጂ ተህዋስያን እንዲህ ባለ አሲድ ውስጥ መራባት ያቅታቸዋል። ጥቁር ፓንት መሃሉ ላይ እየገረጣ የሚሄደው በዚሁ አሲድ ነው፤ ብዙዎች ግን በሳሙናው ያሳብባሉ።

የወር አበባ እንዳበቃ ጥቂት ቀናት ይደርቃል፤ ከዚያ ነጣ ብሎ ይወፍራል። እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን፣ ማለትም ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ያህል ቀደም ብሎ፣ ጥርት ያለና በሁለት ጣት መሃል ሲይዙት የሚለጠጥ ይሆናል። በእርግዝና ይበዛል፣ የእርግዝና መከላከያ ይለዋውጠዋል፣ ካረጡ በኋላ ይቀንሳል። ስለዚህ መብዛቱ ብቻውን ብዙም አይናገርም። የሚናገሩት ሽታው፣ ማሳከኩ፣ ማቃጠሉና ከወትሮው መለወጡ ናቸው።

በብዛት የሚያጋጥመው ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ነው። ላክቶባሲለሶቹ ሲመናመኑ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዙታል፤ ፈሳሹ ቀጭን፣ ግራጫማና የዓሣ ሽታ ያለው ይሆናል። የወንድ ዘር አሲዱን ስለሚሰብረው ሽታው ከግንኙነት በኋላ ይብሳል። ፈንገስ (ካንዲዳ) ሌላ ነው፤ እምብዛም አይሸትም፣ እንደ አይብ የተቆራረሰ ነጭ ነገር ይወጣል፣ ማሳከኩ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ለሌላ ሕመም አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ፣ በእርግዝናና በስኳር በሽታ ጊዜ ይበረታል። አረፋ ያለው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ትሪኮሞናስ የተባለውን ጥገኛ ተህዋስ ያስጠረጥራል፤ በግንኙነት ስለሚተላለፍ ባልም አብሮ ካልታከመ ይመላለሳል። ክፉዎቹ ክላሚዲያና ጨብጥ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳዩ ወደ ማህፀንና ወደ ቱቦዎቹ ወጥተው መካን ያደርጋሉ።

የመድኃኒት ቤቱ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። «የፈንገስ ስጪኝ» ተብሎ የተገዛ ክሎትሪማዞል የዓሣ ሽታ ያለውን አያድነውም። ለእሱ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ነው፤ ሽታው በ3ኛው ቀን ቢጠፋም አይቋረጥም። ለፈንገስ ፍሉኮናዞል 150 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ነፍሰ ጡር ግን አትውጠውም፣ በብልት የሚገባ ክሎትሪማዞል ለ7 ቀን ይሰጣታል። ለምርመራ የሚሄድ ሰው ቀድሞ መድኃኒት አያስገባም፣ ውስጡንም አይታጠብም። ናሙናውም ወዲያው በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፤ ከቆየ ትሪኮሞናስ መንቀሳቀሱን ያቆምና ሳይታይ ያልፋል።

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱም የራሱን ይጨምራል። ታይዋን ከሚባለው የከተማው ገበያ በርካሽ የሚገዛው ናይለን ፓንት ላብ አፍኖ ይይዛል፤ ጥጥ ይሻላል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ድሪያ (ሰፊና ስስ የቤት ቀሚስ) ለብሶ ያለ ፓንት መዋልና ማደር ይቻላል። ከሽንት ቤት በኋላ በውሃ መታጠብ ደግ ልማድ ነው፤ ብቻ እጅ ከፊት ወደ ኋላ ይሂድ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይደረቅ። የሚታጠበውም ውጪው ብቻ ነው። የተራ ሳሙና ፒኤች 9 እና 10 ስለሚደርስ ወደ ውስጥ ሲገባ ላክቶባሲለሶቹን ይጎዳል፤ ጨው፣ ሎሚና ዴቶልም እንዲሁ። ሽታ ለማጥፋት ውስጧን በታጠበች ቁጥር ሽታው የሚመለስባት ሴት ሞልታለች። በእጣንና በኡንሲ (ሽቶ የገባበት የሚጤስ እጣን) ልብስ ይታጠን፤ ጭሱ ላይ ተቀምጦ ብልትን ማጠን ግን ቆዳውን ያደርቃል፣ ሊያቃጥልም ይችላል።

ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይቀየራል። የወር አበባ ጨርቅ በሐፍረት ከሌላ ልብስ ሥር ተደብቆ ይሰጣና እርጥበቱ ሳይለቀው መልሶ ይታሰራል፤ በዚያ ሁሉ ፀሐይ መሃል በጥላ ማድረቅ ያሳዝናል። በግርዛት ብልቷ የተሰፋባት ሴት ደግሞ ሽንቱም ደሙም በደንብ ስለማይወጣላት ኢንፌክሽን ሊደጋገምባት ይችላል፤ መፍትሔው በሐኪም ማስከፈት ነው።

ፈሳሹ ከትኩሳትና ከታችኛው ሆድ ሕመም ጋር ከመጣ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ውሃ መሰል ነገር ከፈሰሳት፣ ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ላይ ከታየ፣ ያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ነው። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጡ በኋላ ደም መታየት የማህፀን በር ካንሰርን ስለሚያስጠረጥር አይዘገይበትም። ደህና ነኝ የምትል ሴትም ከ30 እስከ 49 ዓመት ከሆናት ትመርመር፤ ባለሙያው ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ የኮምጣጤው አሲድ ማለት ነው፣ የማህፀን በር ላይ ቀብቶ 1 ደቂቃ ያህል ይጠብቅና የሚነጣ ቦታ መኖሩን ያያል። ኮምጣጤ ለዚያ ሰፈር ጥቅም አለው ከተባለ ይኸው ነው።