«ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል»፦ የሌለውን «ግን» ማን ጨመረው?

ይህ አባባል አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ጉዞው ሲሰረዝ፣ ጋብቻው ሲፈርስ፣ ዓመት የተለፋበት ማመልከቻ በአንድ ደብዳቤ ውድቅ ሲሆን አንዱ ትከሻውን ሰብቆ «ምን ይደረግ፣ ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል» ይላል። ሰሚውም ራሱን ይነቀንቃል። በዚያ ሰዓት ትርጉሙ «አንተ ያሻህን ብታስብ እሱ የፈቀደውን ያደርጋል» ይመስላል። የሰው ሐሳብና የፈጣሪ ፈቃድ ፊት ለፊት ቆመው ይታገላሉ፤ አሸናፊው ደግሞ አስቀድሞ የታወቀ ነው። እኔ አባባሉ ይህን ይላል ብዬ አላምንም። ቃላቱን ደግማችሁ ብታነቡ በመካከላቸው «ግን» የሚል የለም። ያንን ቃል የምንጨምረው እኛው ነን፣ ሐዘን ላይ ስንሆን።

እስኪ ከሁለቱ ግሦች እንጀምር። «አሰበ» የግእዙ «ሐሰበ» ነው፤ በግእዝ ደግሞ ማሰብም መቁጠርም ማለት ነው። ሐሳብና ሒሳብ ዘመዳሞች ናቸው። ዛሬም የሠራተኛ ደመወዝ «ታሰበለት» ስንል ተሰላለት ማለታችን ነው። ስለዚህ የሚያስበው ሰው ሲመኝ የሚውል ሰው አይደለም። ቁጭ ብሎ ያሰላል፣ ያለውንና የጎደለውን ይመዝናል፣ ቀን ይቆርጣል። «ፈጸመ» ደግሞ ጨረሰ፣ ከዳር አደረሰ ማለት ነው። «ፍጻሜ» ከዚሁ ይወጣል፤ የመንግሥት ሥራ «አስፈጻሚ» የሚባለውም እንደዚሁ። አስፈጻሚ የተወሰነውን ከወረቀት አውርዶ ሥራ ላይ ያውላል እንጂ ውሳኔ አይሽርም። አባባሉን ያበጀው ሰው «ይሽራል» ሊል ይችል ነበር፤ «ይገለብጣል»ም ከአፉ አይጠፋም። የመረጠው «ይፈጽማል»ን ነው።

ደግሞም ሁለቱም ግሦች ተሳቢ የላቸውም። ምን ያስባል? ምኑን ይፈጽማል? ሰው ያሰበውን ያንኑ ፈጣሪ ከዳር ያደርስለታል ብለን ብናነበው ተስፋ ይሆናል። ማሰቡ የሰው ድርሻ፣ መፈጸሙ የፈጣሪ ድርሻ ነው፤ የሚፈጸመውም ከታሰበው ሊለይ ይችላል ብለን ብናነበው ትሕትና ይሆናል። አራት ቃላት ብቻ ያሉት አባባል ሁለቱንም ተሸክሞ መኖሩ ያስደንቀኛል።

ሥሩን ለሚፈልግ መጽሐፈ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ምዕራፍ 16 ቁጥር 9 «የሰው ልብ መንገዱን ያዘጋጃል፤ እግዚአብሔር ግን አካሄዱን ያቃናለታል» ይላል። አዎ፣ እዚህ «ግን» አለ። ይሁን እንጂ የመጨረሻውን ቃል ልብ በሉ፦ ያቃና«ለታል»። ያቺ «ለት» የምትባል ቅንጣት ሥራው ለሰውየው ጥቅም መሆኑን ትናገራለች፤ መንገዱ ተዘጋበት አላለም። በላቲን ቋንቋ ይህንኑ ሐሳብ በሰፊው ያስታወቀው በ15ኛው መቶ ዘመን የኖረው መነኩሴ ቶማስ ኬምፒስ ነው፦ «ሆሞ ፕሮፖኒት፣ ሴድ ዴዉስ ዲስፖኒት»። ሰው ሐሳብ ያቀርባል፣ ነገር ግን የሚደለድለው እግዚአብሔር ነው እንደ ማለት ነው። «ሴድ» የሚለው ቃል የእኛው «ግን» ነው። በአማርኛው አባባል ያ ቃል የለም፤ ሁለቱ ሐረጎች እንደ አንድ ሥራ ሁለት ፈረቃዎች ተከታትለው ይቆማሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ራስን ለበላይ ኃይል ወደ መስጠት እንምጣ። በአማርኛ «እጅ መስጠት» የሚለው ሐረግ የጦር ሜዳ ነው። እጅ የሚሰጠው ተሸናፊ ነው፤ መሣሪያውን አስቀምጦ፣ የሚደረግበትን እየጠበቀ። ይህን ስዕል ይዘን ወደ ፈጣሪ ስንሄድ መገዛት ሽንፈት ይመስለናል፤ ኩሩ ሰው ደግሞ ሽንፈትን አይወድም። አማኞች ግን በተለምዶ የሚናገሩት ሌላ ነው፦ «ለእሱ ሰጠሁት» ይላሉ። የሚሰጠው ነገሩ ነው፣ ጭንቀቱ፣ ውጤቱ። ይህ ከምርኮ ይልቅ ለአደራ ይቀርባል። አደራ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ንብረት ያለው፣ ተቀባዩንም የሚያምን ሰው ነው።

እስልምና ይህን ልዩነት በቃሉ ውስጥ አስቀምጦታል። «ኢስላም» ራሱ ለአላህ መገዛት ማለት ሲሆን ሥሩ ከ«ሰላም» ጋር አንድ ነው። በአላህ መመካት ደግሞ «ተወኩል» ይባላል። ይህ ዐረብኛ ቃል ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ወኪልና ውክልና የምንላቸው ቃላት ከዚሁ ሥር ናቸው። የሚመካ ሰው ፈጣሪን ወኪሉ ያደርጋል። ውክልና የሰጠ ሰው ጉዳዩን አልጣለም፤ እሱ ከሚችለው በላይ የሆነውን ለሚችለው አስተላለፈ እንጂ። የነቢዩ ሙሐመድን ንግግሮች ከሰበሰቡት አንዱ የሆኑት ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ፈትቶ ይመካ እንደሆነ ነቢዩን ጠየቀ። መልሱ አጭር ነበር፦ እሰራት፣ ከዚያ ተመካ። ገመዱ የሰው ፈረቃ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልማረር። ይህን አባባል ሳያስቡ የሚጠቅሱ ሰዎች አሉ። ሳያጠኑ ፈተና ይቀመጡና፣ ሳይቆጥቡ ዕዳ ውስጥ ይገቡና «እሱ ይፈጽማል» ይላሉ። የመጀመሪያውን ግሥ ዘለው ሁለተኛው ላይ ይንጠለጠላሉ። ምን እንዲፈጸም? የታሰበ ነገር የለም። «ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ» ከሚሉት መካከልም ፊታቸውን አይቼ ነገሩ እርግማን እንጂ መተው እንዳልሆነ የገባኝ ብዙዎች ናቸው። ጠላታቸውን ለፍርድ አሳልፈው ሰጥተው፣ ፍርዱ መቼ እንደሚወርድ ደጅ ላይ ቆመው ይጠባበቃሉ። እሱ ከመተው ይልቅ ክስ መመሥረትን ይመስላል።

አባባሉን ከሁሉ አብልጦ በሥራ የተረጎመልኝ ሰው ግን የቃላት ሊቅ ሳይሆን የቁስል ባለሙያ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ስላከመው ሰው ሲናገር «እኔ ቁስሉን አሰርኩለት፣ እግዚአብሔር ፈወሰው» ይል ነበር። ይህ ሰው በዘመኑ የተኩስ ቁስልን በፈላ ዘይት የማቃጠሉን ልማድ ትቶ የተሻለ መንገድ የፈለገ፣ ደም ሥርን በክር የማሰርን ዘዴ ያስፋፋ ባለሙያ ነው። ማለትም አስቦ፣ ሞክሮ፣ እጁን አድክሞ ነው «እግዚአብሔር ፈወሰው» ያለው። ለዛሬ ሐኪምም ነገሩ ያው ነው፤ ስፌቱን ይሰፋል፣ ሥጋው ግን በራሱ ጊዜ ይገጥማል። በክር ብዛት ሥጋን ማስቸኮል አይቻልም።

«የበላይ ኃይል» የሚለውን ስም በዘመናችን ካስፋፉት መካከል እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የተጀመረው የስም የለሽ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር አንዱ ነው። አባላቱ ከሱስ ለመላቀቅ የሚከተሏቸው አሥራ ሁለት ደረጃዎች አሉት። ፈቃድንና ሕይወትን እያንዳንዱ በሚረዳው መጠን ለእግዚአብሔር አሳልፎ መስጠት ሦስተኛው ነው። ነገሩ በመስጠት የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ አሥራ ሁለተኛው ይሆን ነበር። ከእሱ በኋላ ዘጠኝ ይቀራሉ፦ የራስን ስሕተት መዝግቦ መናገር አለ፣ የበደሉትን ሰው ዝርዝር ማውጣት አለ፣ ሄዶ መካስ አለ። የሰጠው ሰው ሥራው ገና መጀመሩ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። ያልተፈጸመውስ? ልጁን ለቀበረ አባት «ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል» ማለት ይገባል? አይገባም ባይ ነኝ። አባባሉ ስለ «ሰው» ቢናገርም የሚያምረው በባለቤቱ አፍ ነው፤ ሌላ ሰው ሲናገረው የአፍ መዝጊያ ይሆናል። በወንጌሉ ጌቴሴማኒ ላይ የሆነውን ብናይ እንኳ «የአንተ ፈቃድ ይሁን» ከመባሉ በፊት «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» የሚል ልመና አለ። ማቴዎስ እንደጻፈው ጸሎቱ ሦስት ጊዜ ተደግሟል። «እሱ ያውቃል፣ ዝም በል» ብሎ ልመናውን ያቋረጠው አልነበረም፤ ደቀ መዛሙርቱም ተኝተው ነበር።